ደስ አላ

ከዳግም ትንሣኤ ማግሥት
ድንኳኑን ባለቤቱ አፈረሰ፣ ወንበሩን እድሩ ቆጠረ፤
የዲኮሩ ልጅ ግን ቀሪ ሂሳቡን ተቀብሎ
«እትዬ፣ ይሄ ጨርቅ ወጥ ነክቶታል፣ እዚሁ ይቅር» ብሎኝ
በባጃጅ ወደ ሳቢያን በረረ።

እኔም ከዚራ፣
ጣሪያው ሩቅ በሆነ የምድር ባቡር ቤት፣
ሃያ ሜትር ነጭ ሳቲን ታቅፌ ቀረሁ፤
ሙሽራ የወጣችበት ቬሎ ይመስል።
እንዴት ይጣላል?
ታይዋን ወርጄ፣ በሜትር ስንት እንደሚሉት ጠይቄ አውቃለሁ።

ግማሹን ቀደድኩት፣ መጋረጃ ሆነ።
ከሰዓት ፀሐይዋ ዞራ ስትመጣበት
ሳሎኑን ወተት የፈሰሰበት ታስመስለዋለች።
ወጥ የነካው ጫፍ ከሶፋው ጀርባ ነው፤
እኔና ያ ዶሮ ብቻ ነን የምናውቀው።

ስሱ ደግሞ፣
ከሙሽሮቹ ራስ በላይ ደመና ሆኖ የዋለው፣
አጎበር ወጣው።
ደቻቱ ሞልቶ ከወረደ ወዲህ ቢንቢው አላስተኛ ብሎ፣
ማታ ግቢ፣ ኒሙ ሥር፣ አልጋዬ ላይ እዘረጋዋለሁ።
በስድሳ ሦስት ዓመቴ
በልጄ ደመና ውስጥ ሳንኮራፋ
ጨረቃ እንኳ ሳታፍርልኝ አትቀርም።

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ብረት አይጥልም ነበር።
ቅስቱን ወንድሙ የበየደው እሱ ካጠራቀመው ቧንቧ ነው፤
ትርሲትና ምንተስኖት ክንድ ለክንድ ተያይዘው አለፉበት።
አሁን ዱባ ወጥቶበታል።
የዱባዋ አበባ ጎህ ሲቀድ ትስቃለች፣ ረፋድ ላይ ታኮርፋለች፤
የፕላስቲኩ ጽጌረዳ ቀኑን ሙሉ ይስቃል።
የኑሪያ ፍየል አንዱን አኝካ ተፋችው።
ፍየል የናቀውን እኔ በኦሞ አጥቤ
ሽቦ ላይ ዘቅዝቄ አሰጣሁት።

ፊደሎቹ ናቸው ያስቸገሩኝ።
ከፎም ተቆርጠው፣ ወርቅ ተቀብተው
«እንኳን ደስ አላችሁ» ብለው ግድግዳው ላይ ቀሩ።
የድሬ ሙቀት ማስቲሽ አያዝለትም።
ሰኔ ላይ ኳ ወደቀች፣ ድመቷ ተጫወተችባት፤
ከዚያ እ፤
ከዚያ ሁለቱ ን፣ በአንድ ሌሊት፣ እንደ መንታ።
ሐምሌ ሲገባ ች፣ በማግሥቱ ሁ።

ኑሪያ ስኳር ልትበደር መጥታ ቀና አለችና
«ደስ አላ... ምን? ደስ አላለሽም እንዴ?» አለችኝ።
ሳቅሁ። ሳቀች። ስኳሯን ይዛ ሄደች።

እኔ ግን ቁጭ ብዬ ሳየው አመሸሁ።
የወደቀውን ከመለሱለት፣ ደስ አላችሁ ነው፤
ሌላ ከቀጠሉለት፣ ደስ አላለኝም ነው።
እስከዚያ ድረስ ሁለቱም አንድ መንገድ ይሄዳሉ፣
አንድ ጣቢያ ድረስ፣ አንድ ፉርጎ።

ልጄን ባቡሩ ጅቡቲ ወስዷታል።
በስልክ «እማ፣ ቤቱ ጭር አለብሽ?» ስትለኝ
«የት ተገኝቶ! ሰርግሽ መች ወጣና፣
መስኮቱ ላይ አለ፣ አልጋዬ ላይ አለ፣ ዱባው ላይ አለ» እላታለሁ።
አልዋሸሁም።
ዝም ስትል እኔም ዝም እላለሁ፣
ካርዱ እስኪያልቅ።

ትናንት ችን እና ሁን ከመሳቢያ አወጣሁ።
ማስቲሹም ነበረ።
ወንበር ላይ ወጣሁ፣ ጉልበቴ ተንጣጣ፣
እጄን ዘረጋሁ፣
ላ ጎን ያለውን ባዶ፣ ከግድግዳው የነጣውን ቦታ ዳሰስኩት።
ይቆይ እስቲ፣ አልኩ።
ወረድኩ።

ችን መልሼ መሳቢያ ከተትኳት።
ሁን ለሁለት አጥፌ
ከሚንገዳገደው የምግብ ጠረጴዛ እግር ሥር ሸጎጥኳት።

ሻዬን አስቀመጥኩበት።
አልፈሰሰም።